ሽታ የሌለው ጭስ

እኔ ከስድስተኛ ክፍል አላለፍኩም። መሐንዲሱ ይህን አይረሳልኝም። ሃያ ሁለት ዓመት በሲሚንቶ ምድጃ ተጠብሼ፣ ስለ አዲሱ ማሽን ሥልጠና ሲሰጥ «አንተ ምን ይገባሃል?» ብሎ ከበር የመለሰኝ እሱ ነው።

መንግሥት ለመንገድና ለድልድይ ሲሚንቶ የሚገዛው ጭሱን ወደ ሰማይ ከማይለቅ ፋብሪካ ብቻ ነው ተባለ። ስለዚህ ጭሳችን ተጣርቶ በቧንቧ ወደ ማጠራቀሚያ ይታፈን ጀመር። ወደ አሮጌው ጭስ ማውጫ የሚለቀው ቫልቭ ላይ የመንግሥት ማኅተም ተንጠለጠለ። «ይህ የተበጠሰ ዕለት ፈቃዳችን ተሰርዞ ሦስት መቶ ሰው ቤቱ ይገባል» አለ መሐንዲሱ፤ ዓይኑን እኔ ላይ ተክሎ፣ እንደ ሌባ።

አንድ ጠዋት የቧንቧውን መገጣጠሚያ ለማጥበቅ ታናሽ ወንድሜ ቧንቧው ወዳለፈበት ጉድጓድ ሊወርድ ሆነ። ከቁመቱ የተነሳ ቀጭኔ እንለዋለን።

«ወንድም ጋሼ፣ እስቲ አሽትትልኝ።»

የምድጃ ሰዎች ልማዳችን ነው። የድሮው ጭስ ጉሮሮ ይቆርጣል፤ ካልቆረጠ ደህና ነው። አፋፉ ላይ ተንበርክኬ አሸተትኩ። ምንም የለም።

«ንጹሕ ነው፣ ውረድ።»

«ያንተ አፍንጫ እኮ ከመሐንዲሱ ዲግሪ ይበልጣል!» እየሳቀ ወረደ።

ቆሞ ሲሠራ እያወራኝ ነበር። መፍቻው አመለጠውና ሊያነሳው ጎንበስ አለ። አልተነሳም።

«ቀጭኔ! አንተ! ቀልዱን ተው!»

የሚሰማው የሚያፈስሰው ቧንቧ ፉጨት ብቻ ነው። ለካ ጭሱ ሲጣራ ሽታውም አብሮ ተጣርቷል! የተጣራው ጭስ ከባድ ስለሆነ እንደ ውሃ ታች እንደሚተኛ የሰማሁት ኋላ ነው። ከበር የተመለስኩበት ትምህርት ይኸው ነበር።

ብወርድ ሁለት ሬሳ ነው። ቫልቩ ጋ ሮጥኩ፤ እሱ ከተከፈተ ጭሱ ወደ ላይ ይወጣና ፉጨቱ ይቆማል። ማኅተሙን ጨበጥኩና ደረቅሁ። ወንድሜ ታች ወድቆ፣ እኔ የመሐንዲሱ ፊት ይታየኛል! ስንት እንደቆምኩ እግዜር ይወቀው። በጠስኩት።

አሮጌው ጭስ ማውጫ አጓራ። የአቧራ ማራገፊያውን የአየር ቱቦ ከፍቼ ጉድጓዱ ውስጥ ለቀቅኩና እየጮህኩ ጠበቅሁ። በስንት ጭንቅ አንድ ሳል ሰማሁ።

ጩኸቴን ሰምተው የመጡ ጫኞች በገመድ ሲያወጡት መሐንዲሱ እየሮጠ ደረሰ። ያየው ጭስ ማውጫውን እንጂ ሰውየውን አይደለም።

«ማነው የበጠሰው?»

«እኔ ነኝ።»

«ማን ውረድ አለው?»

ወንድሜ በጠቆረ ከንፈሩ «ራሴ ነኝ የወረድኩት» አለ። እኔም ዝም አልኩ።

በማግስቱ የመጣው ተቆጣጣሪ ደንቡን ገልጦ አነበበ፤ ለሰው ሕይወት ከሆነ ማኅተሙ ይበጠስ ይላል። ከመጀመሪያውም ይል ነበር። ለእኛ ማን አነበበልን?

ፈቃዱ አልተሰረዘም፤ ቀጭኔም ሥራ ገብቷል። እኔ ግን ጠዋት ጠዋት ጫማውን ሊያስር ጎንበስ ሲል፣ ቀና እስኪል ድረስ ትንፋሼን ይዤ እቆማለሁ።