አሥራ ሁለት ሚሊሜትር

እኔ ሱማና የሰማዩን ሥራ አላውቅም፤ የማውቀው ግቢዬ ውስጥ የተተከለውን የዝናብ መለኪያ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በየማለዳው ውስጡ ያለውን ውሃ ለክቼ ወደ ዋና ከተማችን ኒያሜ፣ ወደ አየር ጠባይ መሥሪያ ቤት ደውያለሁ። ያየሁትን እንጂ የተመኘሁትን ተናግሬ አላውቅም ነበር።

ዘንድሮ ማሽላው ጉልበት ሳይደርስ ደረቀ። በዚያ ድርቅ መሀል ግን ሦስት ቀን መለኪያው ውስጥ ውሃ አገኘሁ፤ በድምሩ አሥራ ሁለት ሚሊሜትር። መሬቱ ደረቅ ነበር፤ አይቻለሁ። ተኝቼ ሳለ ጠብ ብሎ አሸዋው ጠጥቶት ይሆናል አልኩ። የቸገረው ሰው ምን የማያምነው አለ!

ቁጥሬን የሚቀበለው የኒያሜው ልጅ ኪምባ ደወለ።

«አባባ፣ ሳተላይቱ እናንተ ጋ ዝናብ አላየም።»

«በየትኛው ዓይኑ ነው የሚያየው?»

«ራዳር አለው። ከላይ ሞገድ ይልካል፤ ጠብታ ካለ ነክቶት ይመለሳል። ከእናንተ የተመለሰ የለም።»

ደሜ ፈላ። «ስማ አንተ! እዚህ ያለሁት እኔ ነኝ ወይስ ያ ብረት?»

«ኧረ አይቆጡ!» ብሎ ሳቀ። «እሱም አልፎ ሂያጅ ነው፤ ካለፈ በኋላ የዘነበ ያመልጠዋል። የእርስዎን ቁጥር እንይዛለን።»

ብረቱን ረታሁት ብዬ ቀኑን ሙሉ ደረቴን ነፍቼ ዋልኩ።

ከወር በኋላ ዝናብ ላጡ መንደሮች የእርዳታ እህል መጣ። ለጎረቤት መንደሮች ሁሉ ተሰጣቸው። እኛ ግን «ዘንቦላቸዋል» ተብለን ተዘለልን።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ወጣሁ። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከእኔ ጋ የምትኖረው ታላቅ እህቴ ቢባታ መለኪያው አጠገብ ቆማ፣ በቅል የያዘችውን ውሃ ቀስ አድርጋ ታፈስበታለች። «አላህ ሆይ፣ ባዶ ዕቃ ዘረጉልኝ ብለህ እንዳትቀየመን» ትላለች። ይህ ውሃ ከእህል ጋር ምን እንደሚያገናኘው በምን ታውቃለች? አላየችኝም። ተመልሼ ገባሁ።

በዚያው ቀን ኒያሜ ሄጄ ቁጥሩ ስህተት ነው አልኩ። ኪምባ ራሱን ያዘ። «አባባ፣ ምን አደረጉን? የእርዳታው ዝርዝር ተዘግቷል። ከእንግዲህ የሚቀጥለው ከሦስት ወር በኋላ ነው።»

ስመለስ በረሃብ የሞተውን የጎረቤታችንን የሐምሳቱን ጨቅላ ቀብሮ መንደሩ ተሰብስቧል። የመንደሩ አለቃ «ለምን እኛ ብቻ ተዘለልን?» ብሎ ጠየቀኝ። ቢባታ ከሴቶቹ መሀል ተቀምጣለች፤ ውሃውን የጨመረችው እሷ ናት ካልኩ በዚህ መንደር መኖሪያ አይኖራትም።

«መለኪያውን ሳላይ፣ ከራሴ ፈጥሬ ነው የደወልኩት» አልኩ።

ሐምሳቱ እንኳ አልረገመችኝም። የተነሳችው ቢባታ ነች።

«የዚችን ልጅ ህፃን ገደልክ!» አለችኝ። «እናታችን ውሸታም አልወለደችም። ከዛሬ ጀምሮ ወንድም የለኝም!»

እውነቱ አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት። ማታውን ምንጣፏን ጠቅልላ ሐምሳቱን ልታስተዛዝን ሄደች፤ ወደ ቤቴም አልተመለሰችም።