የከተማው ድርሻ

«ስድስት መቶ ሃያ» አለች ኦርኒታ፣ የማጠቢያ ማሽኑን ክዳን ከፍታ ወደ ውስጥ እያየች። «እንግዲህ ስድስት መቶ ሰማንያ ሁለት ዶላር ነው።»

«የት ጋ ነው እንደዚያ የሚለው?» አለ ሮስኮ። ሮስኮ የሟች ባሏ ታናሽ ወንድም ነው። ማሽኑን ሊጭንላት ፒካፑን ከሱቁ በር ፊት አቁሞ፣ ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ ነበር የገባው።

«አሥር በመቶ ታክስ አለ አይደል? መጨረሻ ላይ ያለችውን ዜሮ ታነሣለህ፣ የቀረውን ትደምርበታለህ። ዕድሜ ልክህን አላባማ ውስጥ ዕቃ ስትገዛ ኖረህ ይሄ ይጠፋሃል?»

«እኔ ሒሳብ የምትቀበለው ልጅ ክፈል ያለችኝን ነው የምከፍለው።»

«ለዚህ ነዋ ሁልጊዜ ባንኮኒ ላይ ዕቃ እየመለስክ ከኋላህ ያለውን ሰው የምታጉላላው።»

ሮስኮ ሳቀ። ከጧት ጀምሮ ሊያስቃት ሲሞክር ቆይቷል፤ አሁን በመጠኑም ቢሆን አፏን ስላስፈታት ደስ አለው።

ኦርኒታ በዚህ ሒሳብ አትሳሳትም። ዶቭስበሪ ከተማ ውስጥ ዕቃ ላይ የተለጠፈው ዋጋ ዋጋው አይደለም፤ ታክሱ ሒሳብ ስትከፍል ነው የሚመጣብህ። ከልጅነቷ ጀምሮ የእናቷን ቀሚስ ይዛ ሱቅ ለሱቅ ስትዞር፣ በዱቄቱም በሳሙናውም ላይ በልቧ እየደመረች ነው ያደገችው። ታክሱ አምና ወደ አሥር በመቶ ሲወጣ እንኳ፣ ገንዘቡ የማን እንደሆነና ወዴት እንደሚሄድ አስባበት አታውቅም። ዝናብ ይዘንባል፣ ታክስ ይከፈላል፤ በቃ።

ዛሬ ጧት ግን የሆነ ነገር ገጥሟታል።

ኦርኒታ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂ ናት። ልጆቹን አድርሳ አውቶቡሱን እንዳቆመች በቀጥታ የሄደችው ወደ ማዘጋጃ ቤት ነበር። ማታ የከተማው ምክር ቤት ይሰበሰባል፤ ስሙን ያስመዘገበ ሰው ተነሥቶ መናገር ይችላል። እሷ መናገር የፈለገችው ስለ ፍሳሽ ነው። የከተማው የፍሳሽ መስመር ከመግቢያው ሰሌዳ ሥር ሲደርስ ያበቃል። ከሰሌዳው ወዲያ ሳንድ ሮው ነው፤ የእሷና የእናቷ ሰፈር፣ ጥቁር ሰው ከተማው ውስጥ መሬት እንዳይገዛ በተከለከለበት ዘመን አያቶቻቸው የሠሩት ሰፈር። መሬቱ ሸክላ ስለሆነ የመጸዳጃ ጉድጓዱ የገባበትን አይመጥጥም። ሲዘንብ ሽንት ቤት የወረደው ሁሉ በገላ መታጠቢያው በኩል ተመልሶ ይመጣል። በመጨረሻው ዝናብ ደግሞ የጓሮውን በረንዳ አጥለቅልቆ አሮጌው ማጠቢያ ማሽን ሞተር ውስጥ ገባ። ማሽኑ ትንሽ አጉረመረመና ቀጥ አለ። እናቷ ዙላ ስትሮክ ግማሽ አካሏን ከመታት ወዲህ አልጋ ላይ ናት። አንሶላዋ በየቀኑ ይታጠባል፣ አንዳንዴም በቀን ሁለቴ። ኦርኒታ ከዚያ ወዲህ በእጇ ስታጥብ ጣቶቿ ተሰነጣጥቀው መሪ ስትይዝ ያማታል።

የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ ስሟን ጻፈች፣ አድራሻዋን ጠየቀች፣ ከዚያ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ይቅርታ፣ ሳንድ ሮው ከከተማው ክልል ውጪ ነው። ስብሰባ ላይ መናገር የሚችለው ነዋሪ ብቻ ነው።»

«ቤቴ እኮ ከሰሌዳው ሥር ሆኖ ይታያል።»

«ይታይ ይሆናል እመቤት። ግን ውጪ ነው።»

ኦርኒታ አልተከራከረችም። ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። ንዴቱ ግን አልወጣላትም፤ እንደ ቃር ደረቷ ላይ ተቀምጧል።

ባንኮኒው ጋ ያለችው ኬንድራ ናት። ትንሽ ልጅ ሳለች በኦርኒታ አውቶቡስ ስትመላለስ ኖራለች፤ አሁን የራሷ ልጅ በዚያው አውቶቡስ ይሄዳል።

«ሚስ ኦርኒታ! እማማ ዙላ እንዴት ናቸው?»

«አለች። አንሶላ እየፈጀችብኝ።»

«ምሕረቱን ያምጣላቸው።» ኬንድራ ቁልፎቹን ነካ ነካ አድርጋ ስክሪኑን ወደ ኦርኒታ አዞረችላት። «ስድስት መቶ ሰማንያ ሁለት።»

ሮስኮ አፏጨ። «አንቺ ሴትዮ ባንክ ቤት ነበር መሥራት የነበረብሽ!»

ኦርኒታ ገንዘቡን ልታወጣ እጇን ቦርሳዋ ውስጥ እንደከተተች ዓይኗ ስክሪኑ ላይ ዐረፈ። ታክሱ በአንድ ላይ ተደምሮ አልተጻፈም። ተከፋፍሎ ነው የተቀመጠው። ለግዛቱ ሃያ አራት ዶላር ከሰማንያ ሳንቲም። ለአውራጃው አሥራ ሁለት ከአርባ። ከሥሩ ደግሞ፣ ለከተማው ሃያ አራት ከሰማንያ።

እጇ እዚያው ቦርሳው ውስጥ ቀረ።

«ኬንድራ፣ ይቺ የታችኛዋ የማን ናት?»

«የከተማው ናት።»

«የየትኛው ከተማ?»

ኬንድራ ቀልድ መስሏት ፈገግ አለች። «የዶቭስበሪ ነዋ።»

«እኔ ዶቭስበሪ ነው እንዴ የምኖረው?»

ፈገግታው ከኬንድራ ፊት ላይ ቀስ ብሎ ጠፋ። «ሱቁ ነው ዶቭስበሪ ያለው፣ ሚስ ኦርኒታ። የትም ይኑሩ፣ ዕቃውን ከዚህ ከተረከቡ ይከፈላል።» ወደ ኋላዋ ዘወር ብላ አይታ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «በእኛ መኪና ቤትዎ ድረስ ቢመጣልዎት ኖሮ ይቺን አይከፍሉም ነበር። ርክክቡ ከከተማው ውጪ ይሆናላ። ለባለ እርሻዎቹ እንደዚያ ነው የምናደርገው።»

«ምን ችግር ተፈጠረ?»

ከውስጠኛው ክፍል የወጣው ሚስተር ታከር ነበር፤ የሱቁ ባለቤት፣ በዚያ ላይ የከተማው ምክር ቤት አባል። ክፉ የሚባል ሰው አይደለም። የኦርኒታ ባል ሲሞት አበባ ልኳል።

«ችግር የለም» አለች ኦርኒታ። «አንድ ነገር ልጠይቅዎት ብቻ። ጧት ማዘጋጃ ቤት ሄጄ ነበር። ስለ ፍሳሹ ልናገር ብል ‹የከተማው ሰው አይደለሽም› ተባልኩ። እሺ ብዬ ወጣሁ። እዚህ ስመጣ ደግሞ የከተማው ሰው ሆኜ ተገኘሁ። ማዘጋጃ ቤቱ እኮ እዚሁ ጎናችሁ ነው። መንገድ ላይ የቱ ጋ ነው ነዋሪ የሆንኩት?»

ሮስኮ ሳል ያዘው።

«ሁለቱ የተለያየ ነገር ነው፣ ሚስ ኦርኒታ» አለ ታከር በትዕግሥት። «ታክስ የሚከፈለው ሽያጩ በተፈጸመበት ቦታ ነው። ሕጉን እኔ አላወጣሁትም።»

«ባለፈው ዓመት የከተማው ታክስ ከሦስት በመቶ ወደ አራት ሲወጣ እጅዎን አላነሡም?»

«ለኳስ ሜዳው መብራት ነበር። ለልጆቹ።»

«ለየትኞቹ ልጆች? የሳንድ ሮው ልጅ እዚያ ሜዳ ላይ ሊጫወት ሲመዘገብ ‹የውጪ› ተብሎ እጥፍ ይከፍላል። የማመላልሳቸው እኔ ነኝ! ማን ሜዳው ውስጥ እንደሚገባ፣ ማን አጥር ላይ ተንጠልጥሎ እንደሚያይ ዓይኔ ያያል።»

ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። ልጆቹ አውቶቡስ ውስጥ ሲደባደቡ ካልሆነ በቀር ጮኻ አታውቅም። ማቀዝቀዣ ሲመርጡ የነበሩ ባልና ሚስት በሩን ከፍተው እንደያዙ ዞረው ቀሩ።

«ለመብራታችሁ ስትሰበስቡ ጎረቤት ነን» አለች። «እናቴ ገላዋን የምታጠብበት ውስጥ ቆሻሻ ሲመለስባት ግን ባዕድ ነን። ለመውሰድ ቅርብ፣ ለመስጠት ሩቅ! ይሄ ምን ዓይነት ፍርድ ነው?»

የታከር አንገት ቀላ። ከዚያ የኪስ ቦርሳውን አወጣና ሃያ አምስት ዶላር ቆጥሮ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ።

«ይኸው። ከራሴ ኪስ ነው። የከተማውን ድርሻ እኔ ልክፈልልዎት። ማሽኑን ይውሰዱና እማማ ዙላን ይርዷቸው።»

«ተቀበይው» አለ ሮስኮ በሹክሹክታ። «ኦርኒታ፣ በናትሽ ተቀበይውና እንሂድ።»

ኦርኒታ ገንዘቡን አየችው። ቤት ውስጥ ባልዲ ሙሉ የተዘፈዘፈ አንሶላ ይጠብቃታል። አንድ «አመሰግናለሁ» ትበቃለች፤ ነገሩ ሁሉ ያልቃል። ማታ ደግሞ ታከር ስብሰባው ላይ ተቀምጦ፣ ስለ ሳንድ ሮው ምንም ሳይነሣ፣ አንዲት አሮጊት መርዳቱን እያሰበ ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይገባል።

«ምጽዋት አልጠየቅኩም፣ ሚስተር ታከር» አለች። «ያንሡልኝ። ማድረሻ ስንት ነው?»

«ከከተማ ውጪ አርባ አምስት ዶላር። ግን መኪናው እስከ ሐሙስ ተይዟል።»

«ዛሬ እኮ ሰኞ ነው!» ሮስኮ አላስቻለውም። «ሃያ አምስት ላለመክፈል አርባ አምስት? የቅድሙ ሒሳብሽ የት ገባ? ማሽኑ እዚህ ቆሟል፣ መኪናው ውጪ ቆሟል፣ እኔ ወገቤን ይዤ ቆሜያለሁ!»

«ሒሳቡ አልጠፋኝም፣ ሮስኮ።»

«እናትሽስ? እስከ ሐሙስ ምን ላይ ትተኛለች?»

ይቺ ገብታ ወጋቻት። «በእጄ አጥባለሁ» አለች። «እስካሁንም በእጄ ነው ያጠብኩት።»

«የሳንድ ሮው መንገድ ሲዘንብ ጭቃው ከባድ መኪና ይይዛል» አለ ታከር፣ አሁን ድምፁ እንደ ቅድሙ አልለሰለሰም። «ሐሙስ ደግሞ ዝናብ አለ ተብሏል።»

«እኔ በዝናቡም በበጋውም አውቶቡስ እነዳበታለሁ። ሹፌርዎ ከፈራ እርስዎ ያምጡልኝ። ማሽኑ የሚቀመጠው ጓሮ ነው፤ የሚያደርጉትን ጫማ ብቻ አስበውበት ይምጡ።»

ማቀዝቀዣ ስትመርጥ የነበረችው ሴት አፏን በእጇ ሸፈነች። ታከር ሃያ አምስት ዶላሩን ከባንኮኒው ላይ አንሥቶ ወደ መጣበት ክፍል ተመለሰ፤ በሩን ግን አልዘጋውም።

ኬንድራ ሒሳቡን እንደገና አስገባች። ኦርኒታ ለማሽኑ ያመጣችው አልበቃ ስላላት ለሳምንቱ ቤንዚን የያዘችውን ጨመረችበት። ደረሰኙ ወጣ። የታችኛዋ መስመር የለችም።

«ሐሙስ እኔም አብሬ ልምጣ?» አለች ኬንድራ ደረሰኙን እያቀበለቻት። «አንሶላ በማጠፍ ላግዝዎት።»

«ልጅሽን ከአውቶቡስ በሰዓቱ ተቀበይኝ፤ እሱ ይበቃኛል» አለቻት ኦርኒታ። ሆኖም እጇን ጨበጥ አደረገቻት።

ፒካፑ ባዶውን ተነሣ። ሮስኮ መሪውን እንደጠላት አንቆ ይዞታል። ኦርኒታ አሸነፍኩ የሚል ስሜት ይመጣልኛል ብላ ነበር፤ የመጣው ግን የእናቷ ፊት ነው፤ እርጥብ አንሶላ ላይ ሆና፣ አፍራ፣ ወደ ግድግዳው የምትዞረው ፊት።

«ተሳሳትኩ?» አለች።

«በገንዘቡ ከሆነ፣ አዎ። ጭንቅላትሽ ድንጋይ ነው።»

«ወንድምህም እንደዚያ ይለኝ ነበር።»

«እሱስ አብሮሽ ይተኛ ነበርና ቻለው፤ እኔ ምን ዕዳ አለብኝ?» አለና ጥቂት ከነዳ በኋላ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳቁን ሊያፍን ሲታገል ነበር። «‹ጫማ አስበውበት ይምጡ!› የሰውየውን ፊት አይተሽልኛል? የተቀቀለ ድንች መሰለ እኮ!»

ኦርኒታም ሳትወድ ሳቀች። ሳቁ ሲያልቅ ዓይኗን በመዳፏ ጠረገች።

ከፊታቸው የከተማው ትልቁ ሱፐርማርኬት መጣ። ሮስኮ ፍጥነቱን ቀንሶ ወደ ቀኝ ፍሬቻ አበራ። «የልብስ ሳሙናና በረኪና አልቋል አላልሽም?»

«አልቋል። ኤርሊን ጋ እገዛለሁ።»

«ሳንድ ሮው ያለችው ኤርሊን? እዚያች ኪዮስክ? በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ አንድ ዶላር እኮ ነው የምትቆልልብሽ!»

«አውቃለሁ። ግን የከተማው ድርሻ የለበትም።»

«ለዛሬ ብቻ ነው ወይስ…?»

ኦርኒታ የመኪና ማቆሚያውን አየችው። ሳንድ ሮው የምታውቃቸው ሦስት ጎረቤቶቿ ጋሪያቸውን እየገፉ ከሱፐርማርኬቱ ሲወጡ ታዩዋት። የማታው ስብሰባ አልተፈቀደላትም፤ በእሑዱ የቤተ ክርስቲያን ስብሰባ ላይ ግን ይሄንኑ ለጎረቤቶቿ ብትናገር ማንም አይከለክላትም።

«ፍሬቻውን አጥፋው» አለችው።

ሮስኮ አያትና አጠፋው።