አጭሯ ንግሥት

ጡረተኛው ፖስተኛ «እንግዲህ እግዜር ያጽናሽ» ብሎ ተነሣ። ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ለጠፈ፣ ለተሰበሰበው ለቀስተኛ ሁሉ አንገቱን ሰበር አደረገ፣ በሩን ከፈተና ከግድግዳ ጋር ፊት ለፊት ተፋጠጠ።

ፖስተኛው ዕድሜውን ሙሉ የሰፈሩን በር ሲያንኳኳ የኖረ ሰው ነው፤ የማን ቤት በየት በኩል እንደሚከፈት ዓይኑን ጨፍኖ ያውቃል። እንዲህ ያለ በር ግን ገጥሞት አያውቅም። እጀታ አለው፣ ማጠፊያ አለው፣ የቁልፍ ቀዳዳ አለው፤ የሌለው ወዲያ ማዶ ብቻ ነው። ሰውዬው ግድግዳውን በሌባ ጣቱ ነካ አድርጎ እውነትም ግድግዳ መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ፣ የተኛ ሰው እንዳይቀሰቅስ የፈራ ይመስል በሩን ቀስ አድርጎ መልሶ ዘጋው።

«በዚያኛው ነው» አለችው የሟቹ ሚስት።

«ይሄስ?»

«ይሄ ለጌጥ ነው። ‹ግድግዳው ብቻውን ቆሞ ሆዴን አባባው› ብሎ ነው የሠራለት።»

ይህን ብላ መሐረቧን አፏ ላይ አደረገች። ትከሻዋ ይርገፈገፍ ጀመር። አጠገቧ የነበረችው ጎረቤት «አይዞሽ፣ አይዞሽ የኔ እናት» እያለች አቅፋ ያዘቻትና፣ ጠጋ ብላ ስታያት ለካ እየሳቀች ኖሯል።

«ኧረ ሰው ምን ይላል!» አለች የሟቹ ታላቅ እህት ከወዲያ ጥግ።

ሰው ግን ምንም አላለም። ሴትየዋ አዋላጅ ነበረች። እዚያ ሳሎን ውስጥ ጥቁር ለብሰው ከተቀመጡት እኩሌቶቹን ወደዚህ ዓለም ተቀብላ ያስገባች እሷ ናት። ራቁቱን፣ ተዘቅዝቆ፣ ሲያለቅስ ያየችውን ሴት ማን ደፍሮ ይቆጣታል?

ባሏ የቴአትር ቤት አናጢ ነበር። ቤተ መንግሥት በአንድ ጀምበር ያቆማል፤ ተመልካቹ አጨብጭቦ ሲወጣ ያንኑ አፍርሶ እስር ቤት ያደርገዋል። ክፋቱ፣ ይህን አመሉን እንደ ጫማ ደጅ አውልቆ አይገባም።

ነገሩ የጀመረው ገና እንደተጋቡ ነው። «ከዚህ ቤት እንውጣ» አለችው።

«ምን ጎደለሽ?»

«ፀሐይ።»

«ለፀሐይ ብሎ ሰው ሰፈር ይቀይራል እንዴ?» አለና በሳምንቱ የምሥራቁን ግድግዳ በመዶሻ በረቀሰው። እውነትም ፀሐይ ገባች። ከፀሐይዋ ጋር የጎረቤት ዶሮዎችም ገቡ፤ መስኮቱ መስተዋት እስኪገባለት ድረስ እንቁላል ሳይገዙ ሰነበቱ።

ከዚያ ወዲያ እሷ «እንውጣ» ባለች ቁጥር እሱ መዶሻውን ያነሣል። ሳሎኑ መኝታ ቤት፣ መኝታ ቤቱ ዕቃ ቤት፣ ዕቃ ቤቱ መታጠቢያ ቤት ሆነ፤ ከዚያ ደግሞ ሁሉም ወደ ኋላ ዞረ። አንድ ጊዜ የሌሊት ተረኛ ሆና አድራ፣ ማለዳ ስትመለስ ድካም ዓይኗን ይዟት ጫማዋን አወለቀች፣ ካፖርቷን ጣለች፣ ልትተኛ ጎንበስ ስትል ምድጃው ላይ የተጣደ ድስት ጠበቃት። መኝታ ቤቱን ወደ ጓሮ አዙሮታል። «ሰውዬ፣ አብደሃል?» ብትለው፣ «ከመንገድ ራቅ ይላል፤ ቀን ቀንም ጨለማ ነው» ብሎ መጋዙን ይዞ ሄደ። ያን ቀን በንዴት ተኛች። እስከ ማታ ሳትነቃ ተኛች።

ልጃቸውም ተማሪ ሳለች መምህርቷ ወላጆቿን አስጠርታ ነበር። «ልጃችሁ የቤታችሁን ሥዕል ስትስል በየሳምንቱ ሌላ ቤት ነው የምትስለው። ቤት ውስጥ ችግር አለ?»

«ችግርስ አለ» አለች እናት፣ ባሏን እያየች።

ያቺ ልጅ ዛሬ ፎቅ ላይ፣ አሳንሰር ባለው ቤት ትኖራለች። ቁመቷ ባባቷ ወገን ወጥቷል፤ ልቧ ርኅሩኅ፣ እጇ ቸኳይ ነው። ፖስተኛው ትክክለኛውን በር አግኝቶ ከወጣ በኋላ እናቷን ወደ መተላለፊያው ሳብ አደረገቻት።

«እማዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። እንዳትቆጪ ግን።»

«እንግዲያው አትንገሪኝ።»

«ቤቱን እንሽጠውና እኔ ጋ ነይ። ብቻሽን እንዴት ትሆኛለሽ? የሳሎኑ መብራት ማብሪያ እንኳ ከሶፋው ጀርባ ነው ያለው! ማን ጎንበስ ብሎ ያበራልሻል?»

«አባትሽ...» ብላ ጀመረችና አቋረጠችው።

«ዕድሜሽን ሙሉ እንውጣ እንውጣ ስትዪ አልነበር?»

«ነበር።»

«ታዲያ ይኸው እንውጣ።»

አዋላጇ መሐረቧን አጣጥፋ መልሳ ዘረጋችው። ሰው ዕድሜ ልኩን ሲለምን የኖረውን ነገር ድንገት እንካ ሲሉት እጁን የት እንደሚያደርገው ይጠፋዋል። ልጅቷ ዝምታውን እንደ እሺታ ቆጠረችውና በማግስቱ ደላላ ጠራች።

ደላላው የመጣው ሳሎኑ ሙሉ በሆነበት ሰዓት ነው። ከደጅ ጀምሮ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ወይኔ እናቴን! ወይኔ የድሃ መጠጊያ!» እያለ ገባ። ከሟቹ እህት የበለጠ አለቀሰ፤ እህቲቱም ተፎካካሪ እንደመጣባት ሁሉ ቀና ብላ አየችው። አዋላጇ ወንበር ሰጠችው፤ ሻይም ራሷ ቀዳችለት።

ነገሩ ወዲያው ገባት። ልጅቷ በስልክ «የእናቴ ቤት» ብላዋለች፤ እሱም ለቅሶ ቤት መሆኑን ሲሰማ የሞተችው እናትየዋ መስላዋለች።

«ሟቿን ያውቋቸው ነበር?» አለችው።

«እንዴታ! እንደ ልጃቸው ነበር የሚያዩኝ።»

«ጠባያቸውስ እንዴት ነበር?»

«ወርቅ! ዝምተኛ፣ ታጋሽ፣ ክፉ ቃል ካፋቸው የማይወጣ ሴት!»

«ቤት ተሳስተዋል መሰለኝ» አለ ከቴአትር ቤት የመጣው መብራት ሠራተኛ። የሟቹ የቅርብ ወዳጅ ነው።

«ተወው፣ ይጨርስ» አለች አዋላጇ። «በሕይወት እያለሁ እንዲህ ያመሰገነኝ የለም።»

ደላላው የተጎነጨው ሻይ በአፍንጫው ሊወጣ ምንም አልቀረው። ልጅቷ ሮጣ ደረሰች፤ ፊቷ በርበሬ መስሏል። ሰውዬው ግን ያለ ዕፍረት ያደገ ስለሆነ «ዕድሜ ይስጥዎት፣ እግዜር ያቆይዎት!» ብሎ ወዲያው ተገልብጦ ወደ ሥራው ገባ።

«ቤቱ ስንት ክፍል ነው?»

«አምስት» አለች ልጅቷ።

«አራት ነው እንጂ» አለች አክስቷ።

«እሱ እንደመጣህበት ቀን ነው» አለች አዋላጇ።

ደላላው ሳቀ። «ግድ የለም፣ ገዢዬ ስለ ክፍሉ አይጨነቅም። የሚፈልገው ቦታውን ነው። ቤቱን ያፈርሰዋል።»

«ያፈርሰዋል?»

«ማሽን አስገብቶ ባንድ ቀን!»

«ለማፍረስስ ባሌም የሚስተካከለው አልነበረም» አለች። ቀልዱ ካፏ ሲወጣ ቀልድ ነበር፤ ወደ ጆሮዋ ሲመለስ ግን ቀልድነቱ ቀረ። ባዶ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ወደ ኩሽና ሄደች።

ኩሽና ውስጥ የሟቹ እህት ቀድማት ገብታ ማንቆርቆሪያውን ሞልታ ቀና ስትል መደርደሪያው ግንባሯን ቋ አደረጋት።

«ወይ እናቴ! ደግሞ ሌላ!»

ሴትየዋ እንደ ወንድሟ መለሎ ናት። አዋላጇ ስለዚህ ቤተሰብ ስታወራ «እነሱ ሲወለዱ ጭንቅላታቸው ዛሬ ወጥቶ እግራቸው በማግስቱ ነው የሚከተለው» ትል ነበር። አሁን ለቅሶውን ላስተናግድ ብላ ሻንጣዋን ይዛ ከመጣች ወዲህ ግንባሯ ላይ እንቁላል የሚያህል እብጠት ወጥቶባታል፤ አንዱ ሳይጎድል ሁለተኛው እየተከተለ ነው።

«ወንድሜ ይሄን ኩሽና ለማን ነው የሠራው? ለድንክ ነው? ከመጣሁ ጀምሮ እንደ ጥፋተኛ አጎንብሼ ነው የምውለው። የበሩ ጉበን ይመታኛል፤ ከጉበኑ ሳመልጥ መደርደሪያው ይጠብቀኛል። እሱ ደግሞ ከኔ በመዳፍ ይበልጥ ነበር። እንዴት አድርጎ ነው እዚህ ውስጥ ይንቀሳቀስ የነበረው?»

«ይመታው ነበር» አለች አዋላጇ። «ግንባሩ ፕላስተር ተለይቶት አያውቅም።»

ይህን ስትል እጇ ወደ መደርደሪያው ሄዶ ንጹሕ ብርጭቆ ይዞ ተመለሰ። ቆም አለችና እጇን አየችው። መልሳ ዘረጋችው። የስኳሩ ዕቃ እዚያው ነው፤ የሻይ ቅጠሉም እዚያው። የመብራቱ ማብሪያ ትከሻዋ ትይዩ ነው። በመስኮቱ ሥር ያለው ወንበር ላይ ስትቀመጥ እግሯ መሬት ይነካል፤ በሌላ ወንበር ላይ ይንጠለጠላል። በዚህ ትዳር ውስጥ ከፍቅር ቃል ሁሉ ይልቅ የበዛው ቃል «አውርድልኝ» ነበር። አውርድልኝ፣ አቀብለኝ፣ በርጩማውን አምጣልኝ። ለመጨረሻ ጊዜ «አውርድልኝ» ያለችው መቼ ነበር? አስባ አስባ አጣችው።

ያስታወሰችው ሌላ ነገር ነው። ባሏ ሐኪም ዘንድ ሄዶ መጣ። «ምን አለህ?» ብትለው «ደህና ነህ፤ ከባድ እንጨት ብቻ አትሸከም አለኝ» አላት። በማግስቱ ማለዳ ሜትሩን ይዞ አልጋው ዳር ቆመ።

«ድንቢጤ፣ ተነሺና ግድግዳው ጋ ቁሚልኝ። እጅሽንም ዘርጊ። ሳትንጠራሪ።»

«ለምንህ ነው?»

«ለቴአትር ነው። አንዲት ንግሥት አለች፤ አዳራሿን በልኳ ልሠራላት ነው።»

«ለንግሥት እኔን ትለካለህ?»

«አጭር ንግሥት ናት። አጭርና ቁጡ።»

ካንገት በላይ ተቀየመችው። ከዚያ ኩሽናው ፈረሰ። አቧራው ሻይዋ ውስጥ እየገባ፣ መዶሻው ራሷ ላይ የሚመታ እየመሰላት፣ ስትጨቀጭቀው ከረመች። የበሩን ጉበን ዝቅ አድርጎ በላዩ የመድኃኒቷን መደርደሪያ ሲሠራማ ለይቶላት ነበር። «ራስህ የሠራኸውን በር ራስህ አታውቀውም? መልሰው ወደ ላይ!» ትለዋለች ፕላስተር እየለጠፈችለት። እሱ ደግሞ «ንግሥት ያለችበት ቤት ጎንበስ ተብሎ ነው የሚገባው» እያለ ይስቃል። ቀልድ መስሏት ነበር።

ወደ ሳሎን ተመለሰችና መብራት ሠራተኛው ፊት ቆመች።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። በቅርቡ ንግሥት ያለችበት ቴአትር ነበራችሁ?»

«ንግሥት?» ሰውዬው ግራ ገባው። «ኧረ የምን ንግሥት! ከዓምና ጀምሮ የምናሳየው አንድ ኮሜዲ ነው፤ እሱም የጥርስ ሐኪም ቤት ውስጥ ነው የሚያልቀው።»

«አጭር ተዋናይስ?»

«ከኛ መሐል አጭር እኔ ነኝ። ምነው?»

«ምንም። ሻይህን ጠጣ።»

ደላላው በዚህ መሐል ሳሎኑን በእርምጃው ሲለካ ቆይቶ ለጌጥ የተሠራውን በር ከፍቶ ከግድግዳው ጋር ተፋጦ ነበር።

«ወዲህ ዙር» አለችው አዋላጇ። «ለገዢህ ንገረው። ሟቿ አልሸጥም ብለዋል በለው።»

ለቀስተኛው ከዚህ በላይ መታገሥ አልቻለም። መጀመሪያ መብራት ሠራተኛው፣ ቀጥላ ጎረቤትየዋ፣ ከዚያ ሳሎኑ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ደላላው ራሱ እየሳቀ ወጣ፤ ደጃፉ ላይ ሲደርስ ግን ዞር ብሎ «እውነትም ታጋሽ አይደሉም» ማለቱ ተሰምቷል።

ልጅቷ እናቷን ተከትላ ወደ ኩሽና ስትገሰግስ ጉበኑ ግንባሯን አገኛት።

«ኡፍ! እማዬ፣ እዚህ ጉድ ውስጥ ነው እንግዲህ ትቼሽ የምሄደው! ለምንድን ነው እንዲህ...»

አልጨረሰችውም። እናቷ በርጩማ ሳትፈልግ፣ በጣቷ ጫፍ ሳትቆም፣ ከመደርደሪያው ብርጭቆ፣ ከብርጭቆው ቀጥሎ ስኳር፣ ከስኳሩ ቀጥሎ ማንኪያ እያወረደች ትደረድራለች። ልጅነቷን በሙሉ እዚህ ቤት ስታድግ ይህን አይታ አታውቅም።

«ሐኪም ዘንድ ሄዶ በመጣ በማግስቱ ነው የለካኝ» አለች እናት ፊቷን ሳታዞር። «ለንግሥት ነው ብሎኝ።»

ልጅቷ በመስኮቱ ሥር ካለው ወንበር ላይ ዘጭ አለች። ወንበሩ በልኳ አይደለምና ጉልበቷ አገጯ ድረስ መጣ። እንደዚያ እንደ ፌንጣ ተኮራምታ ማልቀስ ጀመረች፤ ራሷን ስታየው ደግሞ ሳቋ አመለጣት፤ ሁለቱን መለየት ሲያቅታት ሁለቱንም ለቀቀችው።

«ብቻሽን እንዴት ትሆኛለሽ ግን?»

«እኔ እንጃ» አለች እናት። «ጧት ጧት መሞቱን እየረሳሁ ሁለት ሻይ ነው የምቀዳው። ይሄ በየትኛውም ቤት ያው ነው። ግን እኔ እኮ ካሮጌው ቤት ከወጣሁ ቆይቻለሁ፣ ልጄ። አሁን ነው ያወቅሁት እንጂ።»

ከሳሎን የሰው ድምፅ በረከተ፤ ሌሎች ለቀስተኞች መጥተዋል። የሟቹ እህት «ኧረ ሻዩን! ኧረ ሰዉ ቆሞ ነው!» እያለች መጣችና ሰተት ብላ ገብታ፣ ብርጭቆ የሞላበትን ትሪ በሁለት እጇ አንሥታ ወደ በሩ ዞረች። ዓይኗ ሻዩ እንዳይፈስ ብርጭቆዎቹ ላይ ነው፤ አንገቷን ቀጥ አድርጋ፣ ያ ቤተሰብ እንደሚራመደው ረጅም ረጅሙን እየረገጠች፣ ትሄዳለች።

አዋላጇ ቀደም ብላ ሄዳ ከበሩ ሥር ቆመች። ክንዷን ዘረጋች፤ መንጠራራት አላስፈለጋትም። መዳፏን የጉበኑ ጠርዝ ላይ ለጠፈችው። የሴትየዋ ግንባር መጣና ከእንጨቱ ፈንታ ልጅ ሲቀበል የኖረው ለስላሳ መዳፍ ላይ አረፈ።

ከትሪው ላይ እንፋሎት ይወጣል።

«ቀስ ብለው ይለፉ፣ እትዬ» አለቻት አዋላጇ፤ እጇን ግን ቶሎ አላነሣችውም።