የስቶይመን መሸኛ

ቬሊችካ በቡልጋሪያዋ የፕሎቭዲቭ ከተማ ያለ የትርጉም ቢሮ ኃላፊ ከሆነች ወዲህ አንድም ሰው አላባረረችም፤ በዚህም ትኮራ ነበር። ኩራት አጉል ነገር ነው፤ ፈተና እስኪመጣ ድረስ የራስ ይመስላል።

የቢሮው ባለቤት ኦግንያን በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚተረጉም ማሽን ያስገባ ለታ ሠራተኛው ሁሉ ፊቱን አጠቆረ። ታናናሾቹ «ባይ»፣ ጋሼ እንደማለት፣ ስቶይመን የሚሉት ሽማግሌ ተርጓሚ ብቻ ሳቀ። ቬሊችካ ጠረጴዛው ድረስ ሄደች።

«ባይ ስቶይመን፣ ማሽኑን የሚያርምልኝ ሰው እፈልጋለሁ። ከእርስዎ ሌላ የማምነው የለም።»

«ያጎረስኩት ቢነክሰኝስ?»

«እኔ እያለሁ? ቃሌ ነው፣ ማንም አይነካዎትም።»

«እንግዲያው ይምጣ። አንቺንም ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ፤ ከሱ የባስሽ ደንቆሮ ነበርሽ» አላት።

ማሽኑ የመድኃኒት መመሪያውን ሻይ ሳይበርድ ይጨርሳል፤ ስቶይመን ግን ስሕተቱን ሲለቅም ይውላል። «በቀን ሁለቴ» የሚለውን «በሁለት ቀን አንዴ» ብሎ ተርጉሞት ያገኘው እሱ ነው። እስከዚያው ቬሊችካም ማሽኑን ለመደችው። ስብሰባ የሚያጠቃልልላት፣ ለሠራተኞቿ ምስጋናና ተግሣጽ የሚጽፍላት እሱ ሆነ። መጀመሪያ እያነበበች ታርመው ነበር፤ በኋላ ማንበቡንም ተወችው።

በመኸር ኦግንያን ጠራት። «አንድ ሰው ይቀነስ። ማን እንደሆነ ማሽኑን ጠይቂው፤ እሱ ወዳጅ ዘመድ አያውቅም» አላት።

ጠየቀችው። «ስቶይመን ይቀነስ» አለ፤ ከሁሉ ቀርፋፋው እሱ ነውና። ምክንያቱን አሳምሮ ስለጻፈው ሐዘኗ ሁሉ ያለቦታው መሰላት። ሰውዬው የቀረፈፈው የማሽኑን ጥፋት ሲያርም መሆኑን ታውቃለች፤ እዚያ ሥራ ላይ ያስቀመጠችው እሷው ናት። ለኦግንያን አንድ ቃል ብትተነፍስ ይበቃ ነበር። አልተነፈሰችም። ነገ ማሽኑ የእሷን ስም ቢጠራስ?

ተባራሪም ቢሆን የመሸኛ ቀን ጋባዡ ተሰናባቹ ነው፤ ወጉ ነው። ስቶይመን እቤቱ የጋገረውን የአይብ ባኒጻና ወንድሙ ያወጣውን ራኪያ የሚሉትን የፍራፍሬ አረቄ ይዞ መጣ፤ ለማይጠጣውም ሳይቀር ቀዳ። ኃላፊ ደግሞ ብርጭቆ አንሥቶ መናገር አለበት። ለዓመታት ያንን ንግግር ለሌሎች ተሰናባቾች የሚጽፈው ስቶይመን ነበር። ለራስህ ጻፍ አይባል ነገር። ቬሊችካ ጠዋት ማሽኑን አዘዘችው፤ የቢሮው የቆየ ጽሑፍ ሁሉ ተሰጥቶታልና ለደግ ቃል አይቸገርም። ሳታነበው ስልኳን ይዛ ቆመች።

«ውድ ባይ ስቶይመን» ብላ ጀመረች፣ «ወንበርዎ ቢነሣ ቦታዎ አይነሣም። ጠዋት ጠዋት ከሁላችን ቀድመው ገብተው መስኮቱን የሚከፍቱልን እርስዎ ነበሩ...»

አንዲት ተርጓሚ ብርጭቆዋን ቀስ ብላ አስቀመጠች። ስቶይመን ከሰው ቀድሞ ገብቶ አያውቅም፤ መስኮት ሲከፈትም ኮቱን ይደርባል። መስኮቱን ትከፍት የነበረችው የሒሳብ ሠራተኛዋ ፔንካ ናት፣ ሚስቱ። ጡረታ የወጣች ለታ፣ ማሽኑ ስም ብቻ ለውጦ ያመጣውን ይህንኑ ንግግር የጻፈላት እሱ ነበር። ዓመት ሳይሞላ ቀበራት።

«ፔንካ ነበረች» አለ ስቶይመን። አልተቆጣም፤ ማሽኑን ሲያርም እንደሚናገረው ነው የተናገረው። «እኔ ብርድ አልወድም። ቀጥሎ ስለ አበባዎቹ ይመጣል፤ እሱንም ዝለዪው። ውሃ የምታጠጣቸው እሷ ነበረች።»

ቬሊችካ ስልኩን ዝቅ አደረገች። «ባይ ስቶይመን...»

«በራስሽ አፍ በይው ልጄ። አንዲት ነገር ብትሆንም ትበቃኛለች።»

ቃሌን በላሁ ማለት ነበረባት። ፈርቼ ነው ማለት ነበረባት። ሁለቱም አፏ ላይ ደርሰው ነበር። ዞር ስትል ኦግንያን በሩን ተደግፎ ባኒጻውን እየበላ ያያታል።

ጉሮሮዋን ጠረገች፣ ስልኩን ወደ ፊቷ አነሣች፣ ስለ አበባዎቹ ካለው ቦታ ጀምራ ማንበቧን ቀጠለች።