የአሊኮያ የተጨፈኑ ዓይኖች

አባቴ ሱቅ የሚመጣ ሰው ስፒከሩን አይሰማም፤ የአባቴን ፊት ነው የሚያየው።

ይህን ለመቀበል ጊዜ ወስዶብኛል። ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ስማር፣ ሰው የሙዚቃ ማጫወቻ የሚገዛው በጆሮው ይመስለኝ ነበር። ትምህርቴን ጨርሼ ወደ ከተማችን ወደ ኮዢኮድ ተመለስኩና የአባቴ ሱቅ ውስጥ መሥራት ስጀምር ነው የገባኝ። ሱቃችን ጣፋጭ ቤቶቹ ከተደረደሩበት መንገድ ጀርባ፣ አንደኛ ፎቅ ላይ ነው። ከደንበኛው ፊት ለፊት ስፒከሮቹ አሉ፤ ከኋላው ደግሞ የአባቴ የሸምበቆ ወንበር። አባቴ ሸክላውን ያስቀምጣል፣ መርፌውን ያወርዳል፣ አንዲት ቃል ሳይናገር ሄዶ ይቀመጣል። ድምፁ ከጣመው ዓይኑን ይጨፍናል። ካልጣመው አይጨፍንም። በቃ፤ ሌላ ምክር የለም። ደንበኛው አንገቱን እያጠማዘዘ ወደ ኋላ ያያል። ከተጨፈነ ይገዛል፤ ካልተጨፈነ በነፃ ብትሰጠውም አይወስድም።

በከተማችን «አሊኮያ ጨፍኖለታል» ከተባለ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። አንድ የጥርስ ሐኪም ፍሪጅ ሊገዛ ሌላ ሱቅ ገብቶ «አሊኮያ የጨፈነለት የለም?» ብሎ ጠየቀ ይባላል። ውሸት ሊሆን ይችላል፤ ግን ሲነገር የሚጠራጠር ሰው አላየሁም።

እኔን የሚያናድደኝ ይህ አልነበረም። የሚያናድደኝ ፊት አለመወረሱ ነው። ሱቅ ይወረሳል፣ ዕቃ ይወረሳል፤ ይህ የአባቴ ፊት ግን ከአባቴ ጋር ይቀራል። ስለዚህ አንድ ቀን ፊት ለፊት ጠየቅኩት።

«ኡፓ፣ ሱቁን መቼ ነው የምትሰጠኝ?»

አባቴ መርፌ እየጠረገ ነበር፤ ቀና አላለም። «ያለ እኔ ለሰገነቱ ሰዎች ስፒከር የሸጥሽ ቀን ቁልፉ ያንቺ ነው።»

«ካልሸጥኩስ?»

«ያጎትሽ ልጅ ከዱባይ ጠቅልሎ እየመጣ ነው። ሞባይል ቤት ላድርገው እያለ ነው።»

«የሞባይል ሽፋን ሊሸጥበት?»

«የሞባይል ሽፋን ማንም ሳይጨፍንለት ይሸጣል» አለ አባቴ።

ሰገነቱ የሚባለው የሙዚቃ ክለብ ነው። ካላይ በሚባለው ወንዝ ዳር፣ ከድሮ የጣውላ መጋዘን በላይ ያለ አንድ ትልቅ ክፍል። ሽማግሌዎች ዓርብ ዓርብ ከሰዓት ይሰበሰቡበታል፤ ሸክላ ያዳምጣሉ፣ ሎሚ ያለበት ጥቁር ሻይ ይጠጣሉ፣ ይሰዳደባሉ። ሊቀመንበራቸው ቢራን ኢካ ዕድሜ ልካቸውን ግንድ የነገዱ ሰው ናቸው። ባለፈው ክረምት ዝናቡ ሲበዛ የስፒከሮቻቸውን ጠርዝ ሻጋታ በላው፤ እናም ከእኛ አዲስ ሊገዙ ፈለጉ።

ሄጄ ክፍሉን ለካሁት። ግድግዳው እንጨት፣ ወለሉ እንጨት፣ ጣሪያው እንጨት። በአጭሩ ከበሮ ውስጥ ነው የሚቀመጡት። እዚያ ውስጥ ትልቅ ስፒከር ብታስገባ ወፍራሙ ድምፅ፣ ቤዙ፣ ያጓራና ዘፋኙን ይውጠዋል። ትናንሾቹ ስፒከሮች ይበቃሉ፤ ይህ የአስተያየት ጉዳይ አይደለም። ለቢራን ኢካ ነገርኳቸው።

«እኔ» አሉ፣ «በሕይወቴ ቀጭን ግንድ ገዝቼ አላውቅም።»

እንግዲያው ሁለቱንም አምጥቼ አሰማቸዋለሁ፣ ራሳቸው ይፍረዱ አልኩ። አባቴን ዓርብ ዕለት እንዳይመጣ አስማልኩት። እሱም ሰርግ ተጠርቻለሁ ብሎ በደስታ ማለ።

ዓርብ ዕለት የመጨረሻውን ካርቶን ይዤ ደረጃውን ወጥቼ ሳልጨርስ ቢራን ኢካ ከላይ ጮኹ።

«አሊኮያ የታለ?»

«ዛሬ እኔ ነኝ።»

«አንቺማ አለሽ፤ አየንሽ። እኔ የጠየቅኩት ስለ አሊኮያ ነው።»

«እናንተ ጆሮ የላችሁም?»

«አለን፤ ግን አረጀብን። የሱ ነው የሚሠራው።»

«ቢራን ኢካ፣ እሱም እኮ እኩያዎ ነው።»

«ዓይኑ ግን ደህና ነው!» አሉ አፑኩታን ማሽ ከጥግ። አፑኩታን ማሽ ጡረታ የወጡ የሂሳብ አስተማሪ ናቸው፤ የክለቡ ቀልድ ሁሉ የሚወጣው ከእሳቸው አፍ ነው። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ቢራን ኢካ ግን ስልካቸውን አወጡ።

«አሊኮያ? የት ነህ? ... ብላ፣ ብላ፣ ከዚያ ና። ካልመጣህ ልጅህን ከነካርቶኗ እንመልሳታለን።»

መጣ። ከሱ ቀድሞ የሰርጉ ሩዝ፣ የቅቤና የቅርንፉዱ ሽታ መጣ፤ የሸሚዙ የታች ቁልፍ ተፈትቷል። እኔን ሲያይ ዓይኑን ሰበረ።

«ጠሩኝ» አለ።

«ሰማሁ።»

«የሙሽራው አባት ሁለተኛ ሳህን ቢሪያኒ ካልበላህ እጣላሃለሁ አለኝ።»

«አልተጣላችሁም እንግዲህ።»

ከኋላ ለሱ ብለው ያስቀመጡለት ወንበር አለ፤ እዚያ ላይ ተዘረረ። ልከራከር አሰብኩና ተውኩት። መጀመሪያ ትንሾቹን ከፈትኩ። ሽማግሌዎቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ አንገታቸውን ወደ ኋላ አዞሩ። አባቴ ዓይኑን በልጥጦ ተቀምጧል፤ እንደዚያ ዓይኑን ሲያፈጥ አይቼው አላውቅም።

«አልጨፈነም» አለ አንዱ።

«እንዲያውም ደነገጠ» አለ ሌላው።

እኔ የማየው ግን ፊቱን አልነበረም። አባቴ ሲያዳምጥ የግራ እግሩ አውራ ጣት ከበሮውን ይከተላል። ይህን ከእናቴና ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ደንበኛ የሚያየው ከአንገት በላይ ነው። ጣቱ እየተንቀሳቀሰ ነበር።

ቀጥዬ ትልልቆቹን ከፈትኩ። የመጀመሪያው ወፍራም የከበሮ ምት ሲመታ መስኮቶቹ እንዝዝዝ አሉ፤ ትሪው ላይ ያሉት የሻይ ብርጭቆዎች እርስ በርስ ተንጫጩ። ዘፋኙ ጉድጓድ ውስጥ ወድቆ የሚጣራ ነው የሚመስለው። ማንም ልብ አላለም፤ ሁሉም ጀርባቸውን ለስፒከሮቹ ሰጥተው አባቴን እያዩ ነው።

የአባቴ ዓይን ቀስ ብሎ ተከደነ።

«ጨፈነ» አሉ በሹክሹክታ። ቢራን ኢካ ጭናቸውን በጥፊ መቱ። «አለቀ! ግንዱ ተሸጠ!»

የአባቴን እግር አየሁ። ጣቱ ዝም ብሏል። አገጩም ትንሽ ወርዷል።

ዝም ብል ኖሮ ትልልቆቹን ይገዙ ነበር። ክፍላቸው ዓመቱን ሙሉ ሲያጓራ ይኖራል፤ ቁልፉም ይቀርብኛል፣ የሱቁም ስም ይጎድፋል። ተኝቷል ብዬ ብናገር ደግሞ አባቴን በጓደኞቹ ፊት ማዋረድ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ቁጭ ብሎ ያመዛዝን ይሆናል። እኔ መርፌውን አነሳሁት።

የሚያዳምጥ ሰው ሙዚቃ ሲቆም ዓይኑን ይገልጣል። ሁሉም እስኪገልጥ ጠበቁ።

«አሁንም እየሰማ ነው» አለ አንዱ።

«ጣዕሙ ጆሮው ላይ ቀርቶ ነው። አትረብሹት።»

አባቴ አንኮራፋ። ትንሽ አልነበረም፤ የጠገበ ሰው ማንኮራፋት ነው።

ቢራን ኢካ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «ይሄ ... ይሄ ምንድን ነው?»

«ከስፒከሮቹ ይልቅ የሱ ቤዝ ይሻላል» አሉ አፑኩታን ማሽ።

ከዚያ ሳቁ ፈነዳ። አባቴ ብንን ብሎ ነቃና፣ ፊቱን አኮሳትሮ፣ «ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው፤ ትንሽ ከፍ አድርጊው» አለ። አንዱ ሽማግሌ ሻዩ ሽርጡ ላይ ፈሰሰበት።

ቢራን ኢካ ብቻ ሳቁን ቶሎ አቆሙ። «አሊኮያ፣ እውነቱን ንገረኝ። የቤቴን ስፒከር የገዛሁ ቀንስ? የዒድ ማግስት ነበር እኮ!»

አባቴ አሰበ። «ምሳ ምን ነበር የሰጣችሁኝ?»

«ቢሪያኒ ነዋ!»

«እንግዲህ እንጃ።»

«ሃያ ዓመት ነው የሰማሁበት፣ አንተ ሰውዬ!»

«ከፍቶህ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«ታዲያ ምን አደረግኩህ?»

«በየክረምቱ እየመጣህ ስለምትጠርገው ነው እንጂ ያልከፋው!» አሉ ቢራን ኢካ፣ እንደ ስድብ አድርገው። አባቴ እንደ ምስጋና ተቀበለውና ራሱን ነቀነቀ።

«ኡፓ፣ ውጣ» አልኩት።

«ምን አጠፋሁ?»

«ምንም። ደረጃው ላይ ቁጭ በል፣ ሻይ ይምጣልህ።»

እየሳቁበት ወጣ። እኔ ደግሞ የክለቡን የአልጋ ልብስ አነሳሁ፤ አንዱ ሽማግሌ ሁልጊዜ ከሰዓት የሚጋደምበት ፍራሽ አላቸው። ስፒከሮቹ ፊት ገመድ ወጥሬ ሰቀልኩት። የቱ እንደሚጫወት አታዩም፣ ወንበራችሁን ወደዚህ አዙሩ፣ ከኋላችሁ ማንም የለም አልኳቸው። ፈተና የተቀመጡ ይመስላሉ። አፑኩታን ማሽ ሳያስቡት አንዴ ወደ ኋላ ዞሩ፤ ባዶው ወንበር ሲያጋጥማቸው አፍረው ተመለሱ።

ያጫወትኩላቸው በእናቶቻቸው ሰርግ ይዘፍን የነበረ የከተማችን ዘፋኝ ነው፤ አጃቢው ሃርሞኒየምና ታብላ የሚባለው ከበሮ ብቻ። መጀመሪያ ትልልቆቹን፣ ቀጥሎ ትንሾቹን። ትንሾቹ ሲጫወቱ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሳይደርስ አንዱ እጁን አነሳ።

«ኧረ ይሄ ሰውዬ ይተነፍሳል!»

«ዱሮስ ሳይተነፍስ ነበር የሚዘፍነው?»

«ዝም በል፣ ስማ! ከመዝፈኑ በፊት አየር ይስባል። እዚህ ያለ ነው የሚመስለው።»

ሁሉም ወደ አልጋ ልብሱ አዘነበሉ። ዘፋኙ ሳበ፤ ዘፈነ። መልሼ እንዳጫውተው ጠየቁኝ፤ ከዚያም እንደገና። ሁሉም አልተስማሙም፤ ቢራን ኢካ የመጀመሪያው ደረታቸውን እንደነካው ተናግረው አኮረፉ። የበዙት ግን የሚተነፍሰውን መረጡ። የአልጋ ልብሱን ሳወርደው ቢራን ኢካ ስፒከሮቹን በሐዘን አይተው «ቅርንጫፍ» አሉ።

ስለ ክፍሉና ስለ ወፍራሙ ድምፅ ላስረዳቸው ስጀምር እጃቸውን አወናጨፉ።

«እሱን ተይው። ክረምት ሲገባ ማን ነው የሚመጣው?»

ሽማግሌዎቹ ሁሉ ወደኔ ዞሩ። ቅድም ስለ ድምፁ ሳወራ አንዳቸውም እንደዚያ አላዩኝም ነበር።

«እኔ ነኛ።»

«ሐምሌ ላይ ይሄ መንገድ ወንዝ ሲሆንስ?»

«ሱሪዬን ሰብስቤ።»

«አሊኮያ እኮ ሳንጠራው ነው የሚመጣው።»

«እኔ ካልተጠራሁ አልመጣም። ስልክ አላችሁ፤ ደውሉ። ከደወላችሁ በዚያው ቀን እዚህ ነኝ። ሻይ ግን ትኩስ ይሁን።»

ቢራን ኢካ ወደ አፑኩታን ማሽ ዞሩ። «ግልጽ ናት።»

«ባለጌም ናት» አሉ ማሽ።

«ሁለቱም ናት። ትምጣ።»

ደረጃው ላይ አባቴ ሐልዋ እየበላ አገኘሁት። ከዚያ ሁሉ ቢሪያኒ በኋላ የት እንደሚያስቀምጠው አላውቅም።

«ሸጥሽ?»

«ሸጥኩ።»

«የቱን?»

«ትንሾቹን።»

«እኔም ለነሱ ነበር የምጨፍነው» አለ። «ግን ከጨፈንኩ እንደማልነቃ አወቅኩት። ለዚያ ነው እንደ ዓሣ ያፈጠጥኩት።» ጣቱን ሽርጡ ላይ ጠርጎ ቁልፉን ከኪሱ አወጣና ሰጠኝ። «የሸምበቆ ወንበሬን ግን እንዳትነኪብኝ።»

«ለመተኛት?»

«ለሌላ ምን ይሆናል?»

ያጎቴ ልጅ ሞባይል ቤቱን አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ከፈተ፤ ሥራው ጥሩ ነው ይላሉ። ሰኔ ላይ ዝናቡ ገባ። ገና ሰማዩ ሲጠቁር ስልኬ ጮኸ፤ ቢራን ኢካ ነበሩ። «ደውሉ ብለሻል፣ ደወልን» አሉ። ሱሪዬን ሰብስቤ ሄድኩ። የስፒከሮቹን ጨርቅ ፈትቼ፣ ጠርዙን በደረቅ ብሩሽ ጠርጌ፣ መልሼ ገጥሜ ሸክላውን አስቀመጥኩ። ዘፋኙ አየር ሳበ። በዚያው ቅጽበት ከብሩሹ የበነነ ሻጋታ ዓይኔ ውስጥ ገባና ሁለቱንም ጨፈንኳቸው።

ወንበሮች ሲጥ ሲጥ ሲሉ ሰማሁ። ስገልጥ ሁሉም ጀርባቸውን ለስፒከሮቹ ሰጥተው እኔን እያዩ ነው።

«ጨፈነች» አሉ አፑኩታን ማሽ፣ ቀስ ብለው።

«ሻጋታ ገብቶብኝ ነው!»

ማንም አላመነኝም። ሻዬን አመጡልኝ፤ ትኩስ ነበር።