ሃያ ሁለት ኪሎ በእያንዳንዱ ክር

ፈሪ ነኝ። ይህን መጀመሪያ ልናገረውና ይውጣልኝ። ውሻ እፈራለሁ፣ ከፍታ እፈራለሁ፣ የሞያሌ ድንበር ላይ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ትክ ብሎ ካየኝ መታወቂያዬ ኪሴ ውስጥ እያለ እንኳ መንገድ እቀይራለሁ። ግን ያን አርብ እንደፈራሁት ፈርቼ አላውቅም። የፈራሁት ደግሞ ጠረጴዛ ላይ የታሰረ የቴኒስ ራኬት ነው። መሳቅ ይቻላል፤ በሌላ ሰው ላይ ቢደርስ እኔም እስቅ ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት በትምህርት ቤቱ የሲሚንቶ ሜዳ ላይ ስለማመድ የራኬቴ ክር ጧ ብሎ ተበጠሰ። ቅዳሜ ማርሳቢት ከተማ ፈተና አለብኝ፤ ያለፈ ሰው ናይሮቢ ኮሌጅ ገብቶ ቴኒስ እየተጫወተ በነፃ ይማራል። ከሞያሌ የተጠራሁት እኔ ብቻ ነኝ። ሁለተኛ ራኬት የለኝም። ይህንንም የተወልኝ ሙዋሊሙ የምንለው መምህር ጄምስ ነው፤ ቴኒስ ያስተማረኝ እሱ ነው፣ አምና ወደ ናኩሩ ሲዛወር ራኬቱንና አንድ ትልቅ ጥቅል ክር ሰጥቶኝ ሄደ። ክር የሚቀይር ባለሙያ እኔ እስከማውቀው ናይሮቢ ካልሆነ የለም፤ ናይሮቢ ደርሶ ለመመለስ ደግሞ ጊዜ የለም። ስለዚህ ክሩን የምወጥረው እኔው ራሴ ነኝ። የራኬቱ የካርቦን ፍሬም ከተሰነጠቀ ማርሳቢት የለም፣ ኮሌጅ የለም፣ በአባቴ መደብር ውስጥ ቦሎቄ ስመዝን አረጃለሁ።

ሥራው አዲስ አልነበረም። ጄምስ በስልክ እየመራኝ የትምህርት ቤቱን አሮጌ የአሉሚኒየም ራኬት አምስት ጊዜ ፈትቼ አምስት ጊዜ ወጥሬዋለሁ። የመጀመሪያውን በእጄ ብቻ እየጎተትኩ ሠራሁትና ኳሱ ፍራሽ ላይ የወደቀ ይመስል ዝፍ አለ።

"የእጅሽ ጉልበት ሲጀምርና ሲደክመው አንድ አይደለም" አለኝ ጄምስ በስዋሂሊ። "መለኪያ ፈልጊ። እያንዳንዱ ክር ሃያ ሁለት ኪሎ። አንዱ ሃያ ሁለት፣ አንዱ ሃያ ስድስት ከሆነ ፍሬሙ ቅርጹን ያጣል። ካርቦን ደግሞ አይጎብጥም፤ ይሰነጠቃል።"

መለኪያማ ቤታችን ሞልቷል። አባቴ አዩብ ነጋዴ ነው። በጓሮ በር በኩል ከገበሬው ቦሎቄና ቡና ይረከባል፣ ፊት ለፊት ባለው መደብር መልሶ ይሸጣል። በየበሩ አንዳንድ ተንጠልጣይ ሚዛን ሰቅሏል፤ ሁለቱም አረንጓዴ፣ ሁለቱም ባለ ሃምሳ ኪሎ። እኔ የምወስደው ሁልጊዜ የጓሮውን ነበር፤ ምክንያቱም ጓሮ ባለው መጋዘን ውስጥ ስለምሠራ ቅርቤ ያለው እሱ ነው።

አሠራሬን ላስረዳ። ራኬቱን ከውስጥም ከውጭም በእንጨት አስደግፌ ጠረጴዛ ላይ አስረዋለሁ። ክሩን በቀዳዳው አሳልፌ ጫፉን በአጭር ዱላ ላይ እጠመጥማለሁ፤ ዱላውን ሚዛኑ መንጠቆ ላይ አደርጋለሁ፤ ሚዛኑን ደግሞ የጭነት መኪና ሸራ በሚወጠርበት ብሎን ከመጋዘኑ ምሰሶ ጋር አገናኛለሁ። ብሎኑን ሳዞር ክሩ ይሳባል፣ የሚዛኑም ቀስት ይወጣል። ሃያ ሁለት ላይ አቆምና እስከ አስር እቆጥራለሁ። አዲስ ክር ይለጠጣል፣ ቀስቱም ዝቅ ይላል፤ እንደገና ሃያ ሁለት ላይ አደርሰዋለሁ። ከዚያ ክሩ እንዳይመለስ ቀዳዳው ውስጥ ወስፌ ሸጉጬ ወደሚቀጥለው አልፋለሁ። መጀመሪያ ቋሚዎቹን፣ ከመሃል ወደ ዳር፣ አንዴ ግራ አንዴ ቀኝ፤ ቀጥሎ አግዳሚዎቹን፣ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች እየሸመንኩ። ወስፌው አውራ ጣቴን ሁለት ጊዜ በስቶታል። በአምስተኛው ሙከራ ግን ጎን ለጎን ያሉትን ክሮች በጥፍሬ ስነካቸው ሁሉም አንድ ዓይነት ድምፅ ሰጡኝ። ያን ቀን ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

አርብ ከጁምዓ በኋላ ጀመርኩ። የአሁኑ እንደ አሉሚኒየሙ መሞከሪያ አይደለም፤ ካርቦኑ ነው። ቢሆንም ቋሚዎቹን ሁሉ አስገባሁ። የመጨረሻውን ቋጥሬ ላቤን ስጠርግ አባቴ በጓሮ በር ብቅ አለ።

"ነጅዋ፣ ሚዛኑን አምጪ። የዳበል መንደር ሰዎች ቡና ይዘው መጥተዋል።"

"አባ፣ መሃል ላይ ነኝ! የመደብሩን ውሰድላቸው።"

"አይሆንም። የምፈልገው ይሄንን ነው።"

ግትር ነው፤ እኔም በእሱ ወጥቻለሁ፤ ግን ቤቱ የእሱ ነው። ፈትቶ ወሰደው። ትንሽ ቆይቶ የመደብሩን ሚዛን ይዞ መጣ። ወዲያው አልሰጠኝም፤ ሚዛኑን እንደያዘ በሩ ላይ ቆመ፣ ራኬቱን አየ፣ እኔን አየ።

"ምነው አባ?"

"ምንም። ሚዛን ሚዛን ነው" አለና አቀበለኝ። "ፖሌ ፖሌ ሥሪ፣ አትቸኩዪ።"

አግዳሚዎቹን ቀጠልኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ቀስቱ ሃያ ሁለት፣ ቆጠራው እስከ አስር፣ ወስፌ። ዘጠነኛው ላይ ብሎኑን በማዞር ላይ እያለሁ ራኬቱ ቀጭ አለ።

ክው አልኩ። እጄ ብሎኑ ላይ ደርቆ ቀረ። ላላላው ፈራሁ፣ ልጨምረው ፈራሁ፣ ጎንበስ ብዬ ፍሬሙን ማየት ራሱ አስፈራኝ። ሰው አጥንቱ ሲሰበር መጀመሪያ ቦታውን ለማየት አይደፍርም ይባላል፤ እኔም ግድግዳ ግድግዳውን ሳይ ቆየሁ። በመጨረሻ ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ አየሁት። የተሰነጠቀ ነገር አልታየኝም። ግን ቅርጹ ልክ አልነበረም፤ ክብ ወደ መሆን ሄዷል። ከመጀመሬ በፊት ጄምስ እንዳዘዘኝ ርዝመቱን ለክቼ ጽፌ ነበር። መልሼ ስለካው አንድ ሴንቲ ሊሞላ ምንም ሳይቀረው አጥሯል። ቋሚዎቹ ሲገቡ እንደሚያጥር፣ አግዳሚዎቹ ሲጨመሩ ደግሞ ወደ ቦታው እንደሚመለስ ተነግሮኝ ነበር። ግማሽ መንገድ ሄጄም አልተመለሰም።

ጄምስ ጋ ደወልኩ። ድምፄን ሲሰማ ሰላምታውን ተወው።

"ክሮቹን በጥፍርሽ ንኪልኝ፤ ልስማቸው" አለኝ። ስልኩን አስጠግቼ ነካኋቸው። "ቋሚዎቹ በጣም ጠብቀዋል፣ አግዳሚዎቹ ላልተዋል። እንዲህ አድርገሽ ከጨረስሽው ያ ፍሬም ነገ የመጀመሪያውን ኳስ አይችልም። መሃል ላይ ምን ቀየርሽ?"

"ምንም" አልኩ። ከዚያ የተቀየረው ሚዛን ትዝ አለኝ።

ስልኩን ዘጋሁና ጄሪካኑን አመጣሁ። ሞያሌ ውስጥ ውሃ ገዝቶ የሚያድር ሁሉ ቢጫውን ጄሪካን ያውቀዋል፤ ሃያ ሊትር ውሃ ሃያ ኪሎ፣ ባዶው ጄሪካን አንድ ኪሎ፣ በድምሩ ሃያ አንድ። እጄ ላይ ባለው የመደብሩ ሚዛን ሰቀልኩት። ሃያ ሦስት አለ። አውርጄ እንደገና ሰቀልኩት። ሃያ ሦስት።

አባቴ ለአስር ሰላት እስኪወጣ ጠበቅኩ። ከዚያ በገዛ ቤቴ እንደ ሌባ እየተሽሎከለኩ የጓሮውን ሚዛን አመጣሁና ከመጀመሪያው ጎን ሰቀልኩት። ያንኑ ጄሪካን አንጠለጠልኩበት። አስራ ዘጠኝ።

እንዴት ላስረዳው? መጀመሪያ የመጣልኝ ራኬቱ ነው። ቋሚዎቹን ሃያ አራት ኪሎ እየሳብኩ፣ አግዳሚዎቹን ሃያ ኪሎ እየሳብኩ፣ ሁለቱንም ሃያ ሁለት እያልኩ ጽፌአለሁ። ቀጥሎ የመጣልኝ ግን የጓሮው በር ነው። እዚያ በር ላይ ቦሎቄያቸውን አስመዝነው፣ አባቴን መርቀው የሚሄዱት ሰዎች መጡብኝ። ገበሬው ሃያ አንድ ሲያመጣ አስራ ዘጠኝ፤ ያው ሃያ አንድ ፊት ለፊት ሲሸጥ ሃያ ሦስት። ሰጋጁ አባቴ፣ ስም ያለው አባቴ። የፈራሁት እሱ እንዳይመታኝ አይደለም፤ መትቶኝም አያውቅ። የፈራሁት ፊቱን ማየት ነው።

ጄሪካኑን ሳላወርድ ገባ።

በሩ ላይ ቆሞ ሁለቱን ሚዛኖች ጎን ለጎን አያቸው። እጅ ከፍንጅ የተያዝኩት እኔ ይመስል ወደ ግድግዳው ሸሸሁ።

"በሩን ዝጊው" አለኝ ቀስ ብሎ። ዘጋሁት።

"ስንት አለ?"

"አስራ ዘጠኝ። ያኛው ሃያ ሦስት።"

ራሱን ነቀነቀ። አልገረመውም።

"ታውቅ ነበር አባ?"

"የራሴን ሚዛን አላውቅም እንዴ?"

"ዛሬ ስትቀይርብኝስ? ያኔም አውቀህ ነው?"

ቆቡን አውልቆ መልሶ አደረገው።

"በሩ ላይ ቆሜ ነበር" አለ። "ልነግርሽ ፈልጌ ነበር።"

"ፍሬሙ ቢሰነጠቅስ? ነገ አይደለም እንዴ? ይሄ ሁሉ ዓመት!"

"እንዳይሰነጠቅ ዱዓ አደረግኩ።"

ይህን ሲለኝ ልጮህበት ነበር። አባቴ የእኔን ራኬት ዕጣ ለአላህ ሰጥቶ፣ የራሱን ምስጢር ግን ራሱ ጠብቆታል።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ምን ብዬ ልንገርሽ ነጅዋ?" አለ። "ምን ብዬ? ፈራሁሽ።"

እኔን! ውሻ የምፈራውን! ብዙ የምለው ነበረኝ፤ በሚዛኑ የተበደሉትን፣ ማማውን ሁሉ፣ አያውን ሁሉ በስም እየጠራሁ ልጠይቀው እችል ነበር። ግን መሽቶ መብራት ሳይሄድ መጨረስ ነበረብኝ፤ ብቻዬን ደግሞ አይሆንልኝም። ንዴቴን ዋጥ አደረግኩትና "ና፣ ፍሬሙን ያዝልኝ" አልኩት። ያኔ ትክክል የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ክሮቹን በመቀስ ቆረጥኳቸው፣ ከመሃል ወደ ዳር፣ ቶሎ ቶሎ፤ አንድ ወገን ብቻውን ተወጥሮ ከቀረ ፍሬሙን ይሰብረዋልና። እያንዳንዱ ጧ ሲል አባቴም እኔም ዓይናችንን እንጨፍን ነበር። ጄሪካኑ ላይ አንድ ሊትር ውሃ በጠርሙስ ጨምሬ አንዱ ሚዛን ላይ አንጠለጠልኩት፤ ቀስቱ የቆመበትን ቦታ በቀይ ማርከር አሰመርኩ። ያ እውነተኛው ሃያ ሁለት ነው። ቁጥሩን ትተን መስመሩን ብቻ እያየን ሠራን። እሱ ብሎኑን ያዞራል፣ እኔ እቆጥራለሁ፣ እሱ ያስተካክላል፣ እኔ ወስፌ እሸጉጣለሁ። አባቴ ያን ያህል ተጠንቅቆ ሲመዝን አይቼ አላውቅም። ቀስቱ ከመስመሩ ፀጉር ታህል ካለፈች ይመልሳታል።

ስንጨርስ ርዝመቱን ለካሁት፤ ወደ ቦታው ተመልሷል። ክሮቹን ነካሁ፤ ድምፃቸው አንድ ነው። ግን አናቱ አካባቢ ቀለሙ ላይ ቀጭን መስመር አየሁ። የቀለም ጭረት ይሁን ስንጥቅ ጥፍሬም ዓይኔም አልለይ አሉ። ለአባቴ አሳየሁት። አጎንብሶ ብዙ አየውና "ከድሮም የነበረ ነው" አለኝ። ላምነው ፈልጌ አቃተኝ።

ጠዋት በአስራ ሁለት ሰዓት መኪናው በጓሮ በኩል መጣ። ራኬቱን በሻርፔ ጠቅልዬ አቅፌ ስወጣ ገበሬዋ ማማ ጋዲሴ ከቡቲዬ መንደር የጫነችውን የቦሎቄ ጆንያ ከሞተር ሳይክል እያስወረደች ነበር። ከልጅነቴ ታውቀኛለች።

"ነጅዋ ልጄ፣ ዛሬ ነው እንዴ የምትሄጂው?" ብላ ሁለቱንም ጉንጮቼን ሳመች። "ረቢ ይቅደምልሽ። ሂጂና አሸንፊያቸው።" ከዚያ ወደ አባቴ ዞረች። "አዩብ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ ልመለስ፤ ቶሎ መዝንልኝ።"

ሁለቱ ሚዛኖች ከትናንት ጀምሮ ጎን ለጎን እንደተሰቀሉ ነበሩ፣ በአንዱ ፊት ላይ እውነተኛውን ሃያ ሁለት የሚያሳየው ቀዩ መስመር አለ። አባቴ እጁን አነሳና አየር ላይ አቆመው። ተመለከተኝ። አንድ ቃል ብቻ እንድናገር የጠበቀ ይመስለኛል፤ ወይም እንዳልናገር። ማማ ጋዲሴ እጄን እንደያዘች ነበር፣ መዳፏ ይሻክራል። "አባ" ለማለት አፌን ከፈትኩ። ሹፌሩ ጥሩንባውን ነፋ። ከቀረሁ ፈተናው ያልፈኛል፤ ከተናገርኩ እሷ የምትጮኸው፣ ሰፈሩ የሚሰበሰበው፣ አባቴ የሚዋረደው አሁን ነው። ፈራሁ። የትኛውን ሚዛን እንዳነሳ እንዳላይ ፊቴን ወደ መኪናው አዙሬ ገባሁ።

ማርሳቢት እስክንደርስ ክሮቹን አንድ በአንድ በጥፍሬ እየነካሁ ሄድኩ። አንድም የላላ አልነበረም።