ውሃ አይንካው የተባለው ጠመንጃ

የጠመንጃ ጠጋኙ ውሻ ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ ነው። «ጩኸቱ እንቅልፍ ነሳኝ» ሲል የኖረው ጎረቤቱ፣ የሚስቱ ወንድም፣ ባሩድ በአፈሙዙ የሚጎርስ አሮጌ ጠመንጃ ይዞ መጣ።

«ጋሼ፣ ዘይት ብቻ ይቀቡልኝ። ውሃ ከነካው ይዝጋል። አባባ ከሞቱ ወዲህ ዓመት ሙሉ አልተተኮሰም።»

ጠጋኙን ነገሩ አልጣመውም፤ ይህን የውሃ ወሬ ሲሰማ ደግሞ ደሙ ይፈላል። ሳሙና ያለበት የፈላ ውሃ ቢያፈስበት፣ የገማ እንቁላል የሚሸት ጥቁር እጣቢ ወረደ። ወልውሎ ሲያየው አንድም የዝገት ቁስል የለውም።

«የሚያዝገው ሳይታጠብ የከረመ የባሩድ ጥላሸት ነው» አለ። «ይሄ ዓመት ቢቀመጥ ኖሮ ብረቱን በልቶት ነበር። ከተተኮሰ ሦስት ቀን ቢሆነው ነው።»

ሰውየው ወደ በሩ አየ።

«ውሻዬን የት ቀበርከው?»